የፍሎፒ ዲስክ መጠባበቂያ ቅጂ አዘገጃጀት

ከቀድሞዎቹ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተሮች በርካቶቹ ሥራ የሚጀምሩት በፍሎፒ ዲስክ አማካኝነት ነው። ለአብነትም አይ.ቢ.ኤም እ.ኤ.አ በ1986 ለገበያ ያቀረበው ኮንቨርቲብል የተሰኘው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። ዶስንም ሆነ ሰነዶችን የሚያነበው እያንዳንዳቸው 720 ኪሎባይት ከሚይዙ ባለ 3.5 ኢንች ዲስኮች ነው። በመሆኑም ዲስኩ ከተበላሸ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ቢሆንም አገልግሎት አይሰጥም።

መረጃው የሚሰፍረው በስስ የማግኔት ቅብ ላይ በመሆኑ እርጥበት፣ ሻጋታ፣ አቧራና ሙቀት ይጎዱታል። ዋነኛ አምራች የነበረው ሶኒ እ.ኤ.አ በ2011 ሽያጩን በማቆሙም ምትክ ዲስክ እንደ ልብ አይገኝም።

ቅጂ ከመውሰድ አስቀድሞ በዲስኩ ጥግ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ በማንሸራተት ቀዳዳውን መክፈት ያስፈልጋል፤ ይህም በነባሩ መረጃ ላይ በስህተት እንዳይጻፍ ይከላከላል።

ፋይሎችን ብቻ መገልበጥ በቂ አይደለም። ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው መመሪያ የሚጀምረው በፋይሎች ዝርዝር ከማይታየው የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ስለሆነም ዲስኩን በሙሉ የሚገለብጠውን ዲስክኮፒ የተሰኘ የዶስ ትዕዛዝ መጠቀም ይገባል። ውጫዊ የዲስክ ማንበቢያ ካለ ደግሞ የዲስኩን ሙሉ ይዘት በአንድ ፋይል ወደ ዘመናዊ ኮምፒውተር ማዛወር ይቻላል። የባለ 720 ኪሎባይት ዲስክ ሙሉ ቅጂ 737,280 ባይት ሲሆን፣ ከዚህ ካነሰ ንባቡ አልተሟላም ማለት ነው።

ቅጂው ኮምፒውተሩን ማስነሳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ዋናው ዲስክ በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል፤ የዕለት ተዕለቱ ሥራም በቅጂው ይከናወናል። በመዝገብ ቤታቸው መሰል ዲስኮች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶች ሥራውን ማንበቢያ መሣሪያው በእጃቸው እያለ ቢያከናውኑ ሰነዶቻቸውን ከጥፋት ይታደጋሉ።