ጠመንጃ የወለደው መለኪያ

ጠመንጃ ሁሉ በአንድ ፋብሪካ ተሠርቶ፣ ተፈትሾና በሣጥን ታሽጎ የሚወጣ ይመስልዎት ይሆናል። በአሜሪካ አገር ግን ጠመንጃቸውን እንደዚያ የማይገዙ ብዙ ሰዎች አሉ። አፈሙዙን ከአንድ ከተማ፣ መዝጊያውን ከሌላ፣ ሰደፉን ደግሞ ከሦስተኛ ያስመጡና፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ መኪናቸውን በሚያሳድሩበት ክፍል ውስጥ ገጣጥመው ለአደን ወይም ለዒላማ ይወጣሉ። የአገሪቱ የፌዴራል ሕግ፣ መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ ሰው ለራሱ መጠቀሚያ የሚሆን ጠመንጃ ቢሠራ አይከለክለውም፤ ጠበቅ ያለ ደንብ ያወጡ ክፍለ ግዛቶች ግን አሉ። በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ያለ ፈቃድ መሥራትን ስለሚከለክል፣ ይህ ጽሑፍ የአሠራር ትምህርት አይደለም። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። መዝጊያውን የሠራው ሰውና አፈሙዙን የሠራው ሰው በሕይወታቸው ተያይተው አያውቁም። ታዲያ ሁለቱ ብረቶች በሦስተኛ ሰው ቤት ሲገናኙ እንዴት ልክ ሊሆኑ ቻሉ?

ልክ ባይሆኑስ ምን ይመጣል ቢሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃው ጥይት ጎርሶ ሲዘጋ፣ ከመዝጊያው ፊት አንሥቶ የጥይቱ ትከሻ እስከሚያርፍበት እስከ ጉሮሮው ድረስ ያለው ርቀት የተወሰነ ነው። ርቀቱ ያነሰ እንደ ሆነ መዝጊያው እሺ ብሎ አይዘጋም፤ ይህ ቢያናድድም ጉዳት የለውም። የበዛ እንደ ሆነ ግን ባሩዱ ሲቀጣጠል የናሱ ቀለህ ከኋላው ደጋፊ ያጣል። ወደ ኋላ ይሳባል፣ ይለጠጣል፣ ሲብስም ከወገቡ ይበጠሳል። ያን ጊዜ በውስጡ ታፍኖ የነበረው ትኩስ ጋዝ መውጫ ፍለጋ በመዝጊያው በኩል ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ተኳሹም ጉንጩን ከሰደፉ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ከመዝጊያው ከአንድ ስንዝር ብዙ ሳያርቅ ተቀምጧል።

ስለዚህም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ገጣጥሞ እንደ ጨረሰ ወደ ተኩስ ሜዳ አይሮጥም። በጥይት አምሳል የተሠሩ ሁለት የብረት መፈተሻዎች አሉት። 308 ዊንቸስተር በሚባለው የአደን ጥይት የምንወስድ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው መፈተሻ ልክ 1.630 ኢንች፣ የሁለተኛው 1.634 ኢንች ነው። በመጀመሪያው ላይ መዝጊያው መዘጋት አለበት፤ በሁለተኛው ላይ ግን መዘጋት የለበትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሺህ የኢንች ክፋይ አራቱ፣ ማለት አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ነው። በቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ካለው የጽሕፈት ወረቀት አንዱን ሉክ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ውፍረቱ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የመለዋወጫ ጥራት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። የሚያብረቀርቅና ጠርዙ የተሞረደ መዝጊያ ከዚህች ወረቀት አልፎ ሊገኝ፣ አይን የማይስበው ግን በልኩ ሊቀመጥ ይችላል። ለመኪናው ኩሽኔታ ሊገዛ መርካቶ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሁለት ሣጥን አንድ ዓይነት ጽሕፈት ይዞ ይቀርብለታል፣ ከሁለቱ አንዱ ግን ወር ሳይሞላ ይጮኻል። ደግሞም ልክ መሆን ብቻውን አይበቃም። ብረቱ በእሳትና በዘይት በሚገባ ያልጠነከረ እንደ ሆነ፣ ዛሬ ልክ የነበረው መዝጊያ ከጥቂት መቶ ተኩስ በኋላ ይደቃል፣ ልኩም ይከፈታል። ይህን ማይክሮሜትር አይናገርም። ጠንቃቃ ሠሪዎች መዝጊያውን ከልክ በላይ ኃይል ባለው የፈተና ጥይት ይፈትኑታል፤ ከዚያም በማግኔት ኃይልና በደቃቅ የብረት ብናኝ ዓይን የማያየው ስንጥቅ እንዳለበት ይመረምሩታል። ዋጋው ከፍ የሚለው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኔ አስተያየት ርካሽ መዝጊያ ገዝቶ ውድ መነጽር የሚሰቅልበት ሰው ገንዘቡን ያዋለው በተሳሳተ ቦታ ነው።

እቤቱ ውስጥ ያሉት መለኪያዎችስ? በመጀመሪያ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው ካሊፐር አለ። የዛሬው ካሊፐር ባትሪ ጎርሶ ቁጥር ስለሚያበራ፣ መቶኛ ሚሊሜትር የለካ ይመስላል። ብዙዎቹ ግን ሁለት መቶኛ ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ቢስቱ ሠሪያቸው እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ማይክሮሜትሩ የበለጠ የታመነ ነው። ይህን መሣሪያ ዣን ሎራን ፓልመር የተባለ ፈረንሳዊ በ1848 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት የውጭ አገር ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ምሥጢሩ አንድ ብሎን ነው። ብሎኑ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ግማሽ ሚሊሜትር ይራመዳል፤ ዙሪያውም በ50 መስመር ተከፍሏልና እያንዳንዱ መስመር አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ይሆናል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ብሎኑ ራሱ በትክክል መቆረጡን ማን ያረጋግጣል? ማይክሮሜትሩን በምን እንለካዋለን? ወደ ቀደመው ጥያቄያችን የሚያደርሰን መንገድ ይህ ነው።

በጥንት ጊዜ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ጠመንጃ ሠሪው አንዱን ብረት በሌላው እያስጠጋ በሞረድ ይከረክም ነበርና፣ እያንዳንዱ ጠመንጃ ለራሱ ብቻ የተሠራ ነበር። አንዲት ብሎን ስትሰበር አዲሷ ለዚያ ጠመንጃ ተብላ በእጅ መሠራት አለባት። በ1785 በፈረንሳይ አገር የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን፣ ኦኖሬ ብላን የተባለ ጠመንጃ ሠሪ የሚሠራበትን ቦታ ሊጎበኝ ሄደ። ብላን ባሩዱን የሚለኩሰውን የቃታ መሣሪያ የ50 ጠመንጃ ያህል ፈታቶ፣ ክፍሎቹን በየዓይነታቸው ለያይቶ አቀረበለት። ጄፈርሰንም እጁ እንዳገኘ እያነሣ ብዙዎቹን ራሱ ገጣጠመ፤ ሁሉም ያለ ሞረድ ገጠሙ። ይህንንም በደብዳቤ ለመንግሥቱ ጻፈ።

ከዚህ በኋላ በትምህርት መጻሕፍት ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው ኢላይ ዊትኒ ነው። በ1798 10,000 ጠመንጃ ሠርቶ ሊያስረክብ ተዋዋለ፤ በ1801 በዋሽንግተን ባለሥልጣናት ፊት ክፍሎችን እየለዋወጠ አሳይቶ አስደነቀ፤ ሥራውን የጨረሰው ግን በ1809 ነው። የታሪክ መርማሪዎች ከእጁ ከወጡት ጠመንጃዎች የተረፉትን ፈትተው ሲያዩ፣ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የማይለዋወጡ ሆነው ተገኙ። ዝናው ከሥራው ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ነገሩን በእውነት የፈጸመው ስሙ ብዙም የማይታወቀው ጆን ሆል ነው። ሆል በ1819 ሃርፐርስ ፌሪ በተባለው የመንግሥት ጠመንጃ ፋብሪካ 1,000 ጠመንጃ ለመሥራት ሲዋዋል፣ ለአንዱ ጠመንጃ ክፍሎች ብቻ 63 መፈተሻዎች ሠራ። ብረቱ በመፈተሻው ካላለፈ ሠራተኛው ምንም ቢምል ቢገዘት አይቀበሉትም። መርማሪዎች መጥተው 100 ጠመንጃ አስፈትተው፣ ቀላቅለው፣ በአዲስ ሰደፍ ላይ ቢያስገጥሙ ሁሉም ሰመረ። በ1834 ደግሞ ስምዖን ኖርዝ የተባለ ሰው በሩቁ በኮነቲከት የሠራቸው ክፍሎች ከሆል ጠመንጃዎች ጋር መለዋወጥ ቻሉ። እንግዲህ የማይተዋወቁ ብረቶች የተዋወቁት በመፈተሻ ነው።

መፈተሻ ግን የራሱ መዘዝ አለው። አንድ መፈተሻ አንድን ልክ ብቻ ያውቃል። ጠመንጃው በረቀቀ መጠን የመፈተሻው ቁጥር በመቶ ከዚያም በሺህ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱም በእጅ የሚሠራ፣ ሲሠራበት ደግሞ የሚያልቅ ነው።

በ1894 የስዊድን መንግሥት ሠራዊቱን በጀርመኑ ማውዘር ጠመንጃ ሊያስታጥቅ ወሰነ፤ ኋላም በኤስኪልስቱና ከተማ ባለው ፋብሪካው ሊያሠራው አሰበ። ሥራውን አይተው እንዲመጡ ወደ ኦበርንዶርፍ ከተላኩት ሰዎች አንዱ ካርል ኤድቫርድ ዮሃንሶን ነበር። ይህ ሰው በ1864 የተወለደ፣ በወጣትነቱ አሜሪካ ሄዶ ጥቂት ዓመት ሠርቶና ተምሮ የተመለሰ፣ በፋብሪካው የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ የሆነ ደመወዝተኛ ነው። በማውዘር ፋብሪካ ያየው የመፈተሻ ብዛት አስጨነቀው። ለአገሩ ፋብሪካ ይህን ሁሉ መሥራት ስንት ዓመት ሊፈጅ ነው? በባቡር ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ አንድ ሐሳብ መጣለት። ለእያንዳንዱ ልክ አንድ ብረት ከመሥራት፣ እየተደራረቡ የተፈለገውን ልክ ሁሉ የሚሰጡ ጥቂት ብረቶች ቢሠሩስ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የመጀመሪያዎቹ 49 ብረቶች ከ1.01 እስከ 1.49 ሚሊሜትር በአንድ መቶኛ ይበላለጣሉ። ሁለተኛዎቹ 49 ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ 24.5 በግማሽ ግማሽ ይሄዳሉ። የቀሩት አራቱ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ናቸው። ድምሩ 102 ብረት ነው። አሁን 38.77 ሚሊሜትር ቢፈልጉ፣ 1.27 ያለውን አንሥተው በ12.5 ላይ፣ ሁለቱንም በ25 ላይ ይደርቧቸዋል፤ ደምረው ይዩት። በዚህ ዓይነት ከ1 እስከ 201 ሚሊሜትር ድረስ በአንድ መቶኛ እየተበላለጡ 20,000 ያህል ልኮች ከአንድ ትንሽ ሣጥን ይወጣሉ።

ማሰብ አንድ ነገር፣ ብረቱን ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ሦስት ብረት ሲደረብ የሦስቱም ስሕተት አብሮ ይደመራልና፣ እያንዳንዱ ከሺህ የሚሊሜትር ክፋይ በታች እንዲጠነቀቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ መኪና በፋብሪካው አልነበረም። ዮሃንሶን የባለቤቱን የልብስ ስፌት መኪና ወስዶ መፈግፈጊያ አበጀለት፤ በትርፍ ሰዓቱም እቤቱ ተቀምጦ ብረቶቹን አንድ በአንድ ፈግፍጎ አስተካከለ። ባለቤቱ ስለ ልብሱ ምን እንዳለች ታሪክ አልጻፈልንም። የብረቶቹ ሐሳብ መልክ የያዘው በ1896 ነው። ያ ዓመት አያቶቻችን ውጅግራም ምንሽርም፣ ካገኙት አገር የመጣ ጠመንጃ እያነሡ፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ጥይት እየፈለጉ ዓድዋ የዘመቱበት ዓመት ነው። በ1901 ዮሃንሶን በአገሩ የባለቤትነት መብት ተሰጠው።

ብረቶቹ ሠሪያቸው ያልጠበቀውን ጠባይ አሳዩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊታቸው እጅግ ልሙጥ በመሆኑ፣ ሁለቱን ጠርጎ አንዱን በሌላው ላይ ገፋ አድርገው ሲያንሸራትቱት ይጣበቃሉ። ቢጎትቷቸው አይላቀቁም፤ ወደ ጎን ሲያንሸራትቷቸው ግን ይለያያሉ። የአየር ግፊት ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው የሚቀረው እጅግ ስስ የዘይትና የእርጥበት ሽፋን፣ የብረቱም ደቂቃን መሳሳብ አለበት። ይህ ባይሆን ኖሮ በየመደራረቢያው አቧራና አየር ገብቶ ልኩን ሁሉ ያበላሸው ነበር።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። 100 ሚሊሜትር የሆነ ብረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። በእጅዎ ጨብጠው ጥቂት ቢቆዩ፣ የያዙት ልክ ቀድሞ የነበረው አይደለም። ዮሃንሶን ስለዚህ ብረቶቹን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልክ አድርጎ ሠራቸው፤ በ1931 ይኸው ሙቀት ለዓለም የኢንዱስትሪ ልክ ሁሉ መነሻ እንዲሆን ተወሰነ። ጠንቃቃው የቤት ሠሪ መፈተሻውንና መዝጊያውን አንድ ክፍል ውስጥ አኑሮ ሙቀታቸው እስኪተካከል የሚጠብቀው፣ ብረቱንም በጣቱ ጫፍ ብቻ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ዮሃንሶን በ1923 በአሜሪካ የሄንሪ ፎርድ ኩባንያ ውስጥ ገባ፤ ከጠመንጃ ፋብሪካ የወጣው ሣጥንም የአውቶሞቢል መሥሪያ ዕቃ ሆነ። በ72 ዓመቱ በ1936 ወደ አገሩ ተመልሶ በ1943 አረፈ። ከእርሱ ያገኘነው ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ኢንችና የአሜሪካ ኢንች በጥቂቱ ይለያዩ ነበር። ለሁለቱም አገር ብረት የሚሸጠው ዮሃንሶን ልዩነቱን ችላ ብሎ ኢንቹን ልክ 25.4 ሚሊሜትር አደረገው። እንግሊዞች በ1930፣ አሜሪካውያን በ1933 ለኢንዱስትሪያቸው ይህንኑ ተቀበሉ፤ በ1959 ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በስምምነት አጸኑት።

የአሜሪካው የቤት ሠሪ የሚዘጋበት 1.630 ኢንች በዚህ ሒሳብ 41.402 ሚሊሜትር ነው። ከዮሃንሶን ሣጥን 25፣ 15 እና 1.40 የተባሉትን ሦስት ብረቶች ቢደርቡ 41.40 ያገኛሉ። መዝጊያው መዘጋት የሌለበትን ልክ ለማግኘት ደግሞ 25 እና 16.5 ይበቃሉ።