የፓምፕን ፍጥነት መቀነስ መቼ ያዋጣል?

በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ በሰብመርሲብል ፓምፕ ለምታጠጡ አርሶ አደሮች፦

የማሳው ከፊል ብቻ ሲጠጣ ቫልቩን ግማሽ መዝጋት የተለመደ ነው። ፓምፑ ግን በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ከቫልቩ ጋር ይታገላል፤ ኤሌክትሪኩም ይባክናል። የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሲገጠም ከ50 ኸርዝ ወደ 40 ማውረድ ይቻላል።

ፍጥነቱ 80 በመቶ ሲሆን የውኃው መጠን ወደ 80፣ የመግፋት አቅሙ ወደ 64፣ የሚፈልገው ኃይል ወደ 51 በመቶ ይወርዳል።

ይህ ስሌት በትክክል የሚሠራው እንደ መዋኛ ገንዳ ውኃው እዚያው ሲዘዋወር ነው። ጉድጓድ ግን ከፍታ አለው። በ50 ኸርዝ ቢበዛ 60 ሜትር የሚገፋ ፓምፕ በ40 ኸርዝ የሚገፋው 38 ሜትር ብቻ ነው። ውኃው 40 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆነ ጠብ አይልም፤ ሞተሩም የሚያቀዘቅዘው የውኃ ፍሰት አጥቶ ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ፦
1. ፓምፑ እየሠራ የውኃውን ጥልቀት ለኩ።
2. ውኃ የሚወጣበትን ዝቅተኛ ኸርዝ ለይታችሁ፣ ከዚያ በታች እንዳይወርድ መቆጣጠሪያውን አስተካክሉ። በሶላር የምትሠሩ በተለይ፤ ደመና ሲመጣ ፍጥነቱ በራሱ ይወርዳልና።
3. ጠብታ መስኖ ካላችሁ የመጨረሻውን መስመር ግፊት እዩ።

የተረፈውን ኃይል ተጨማሪ ውኃ ለመሳብ አታውሉት። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ የሁላችንም ነው።