ስለ ተረከዝ ሕመም

ጧት ከመኝታው ተነሥቶ እግሩን መሬት ሲያስነካ ተረከዙን በሚስማር የተወጋ ያህል የሚያመው፣ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግን የሚሻለው ሰው ብዙ ነው። በሞላሌ ዳገት ቁልቁለቱን ለሚመላለስ፣ ይልቁንም ከሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚውል መምህር ይህ ሕመም እንግዳ አይደለም።

ምክንያቱ ብርድ ወይም ምች አይደለም። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ፤ እርሱም እንደ ደጋን አውታር የእግርን ቅስት ወጥሮ ይይዛል። ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ከተረከዙ ጋር በተጣበቀበት ቦታ ይጎዳል። ሌሊት ዐርፎ ያደረው ጅማት ጧት በድንገት ሲሳብ ያማል። በራጅ የሚታየው የአጥንት ሹል ሕመም በሌለበት ሰውም ስለሚገኝ፣ እርሱን ለማስቆረጥ መቸኮል አይገባም።

ከ10 ታማሚዎች 8ቱ ያህል ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናሉ። ከአልጋ ሳይወርዱ የእግርን ጣቶች በእጅ ወደ ላይ ስቦ 10 እስኪቆጥሩ መያዝ፣ ይህንም 10 ጊዜ መደጋገም፣ በቀንም 3 ጊዜ መፈጸም ይጠቅማል። በመንዝ ውርጭ ያደረ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ በውስጥ እግር ማንከባለል ሕመሙን ያስታግሣል። ተረከዙ ያለቀ ጫማ ይለወጥ፤ በድንጋይ ወለል ላይም በባዶ እግር አይቆም።

«አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ድል አላደረገምን?» የሚለን አይጠፋም። የአበበ እግር በልምምድ የጠና ነበር፤ ለታመመ ተረከዝ ምሳሌ አይሆንም።

ተረከዙ ካበጠ፣ ከደነዘዘ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ከመጣ ግን ሳይታሽ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ።