የደን ካክተሶችን ለይቶ ማወቅና በቤት ውስጥ ማሳደግ

ካክተስ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ በረሃ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት ማናቸውም ካክተስ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃም ይነፈገዋል። የደን ካክተሶች ግን በተፈጥሮ የሚኖሩት በእርጥብ ደን ውስጥ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ዛፉን መደገፊያ ያደርጉታል እንጂ ምግቡን አይወስዱበትም። ሥራቸው የሚይዘው በቅርፊት ስንጥቅ የተጠራቀመ ጥቂት የበሰበሰ ቅጠል ነው። ዝናብ በተደጋጋሚ ያገኛሉ፤ ውሃው ግን ከሥራቸው ቶሎ ይወርዳል። አያያዛቸውም ይህንኑ መከተል አለበት።

መለያ ምልክቶች

በቅድሚያ ከቁልቋል መለየት ያስፈልጋል። ቁልቋል ሲቆረጥ ዓይን የሚጎዳ ነጭ ወተት ያወጣል፤ የደን ካክተስ ግን አያወጣም። በብዙዎቹ የደን ካክተሶች ላይ ቅጠል የሚመስለው ጠፍጣፋ ክፍል ግንድ ነው። በጠርዙ ላይ ትናንሽ ነጥቦች ይታያሉ፤ አበባውም ሆነ አዲሱ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከእነዚህ ነው።

በብዛት የሚታወቀው ሽሉምበርጌራ ሲሆን የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ተራሮች ነው። ግንዱ በአጫጭር ክፍሎች የተቀጣጠለ ነው። የክፍሉ ጥርሶች ሹል ከሆኑ ሽሉምበርጌራ ትሩንካታ ነው። ጠርዙ ደብዘዝ ያለና ክብ ከሆነ ግን የገና ካክተስ የሚባለው ድቅል ነው።

ኤፒፊሉም ኦክሲፔታሉም ረጃጅም፣ ስስና ሰፊ ግንድ አለው። ትልቁና መዓዛማው ነጭ አበባው ማታ ፈክቶ ሲነጋ ይጠወልጋል። እንግዳ መልክ ለሚወድ ደግሞ ከሜክሲኮ የመጣው ኤፒፊሉም አንጉሊገር አለ፤ ግንዱ በግራና በቀኝ ጠለቅ ብሎ ስለተሰነጠቀ የዓሣ አጥንት ይመስላል።

ሪፕሳሊስ ባሲፌራ ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። ካክተሶች የአሜሪካ ተክሎች ናቸው፤ በለስም ወደ አገራችን የገባው ከዚያው ነው። በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው ግን ይህ አንድ ዝርያ ብቻ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ እርጥብ ደኖችም ይበቅላል። ግንዱ እንደ ቀጭን ገመድ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ፍሬው ትንሽ፣ ነጭና የሚያጣብቅ ነው። ከደን ነቅሎ ማምጣት አይገባም፤ ከሚያሳድግ ሰው አንድ ቁራጭ መለመን ይበቃል።

አፈርና አተካከል

ጥቁር መረሬ አፈር ለእነዚህ ተክሎች አይሆንም፤ ውሃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል። ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ቅጠል ከአንድ እጅ ሻካራ አሸዋና ከጥቂት የከሰል ስብርባሪ ጋር ቢቀላቀል ጥሩ ይሆናል። ጣሳም ቢሆን ከታች በሚገባ ከተበሳ ያገለግላል። ሰፊ ማሰሮ አያስፈልግም።

ከሽሉምበርጌራ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል፣ ከኤፒፊሉም ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት ጥላ ውስጥ ማቆየት፣ ከዚያም መትከል ነው። የኤፒፊሉም ቁራጭ ላይና ታቹ ስለሚምታታ ሲቆረጥ ወዲያውኑ ምልክት ይደረግበት።

ብርሃን፣ ውሃና አበባ

የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚደርስበት መስኮት ተስማሚ ነው። ግንዱ ከቀላ ፀሐዩ በዝቶበታል። የላይኛው አፈር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርቅ፣ ውሃው በሥር ቀዳዳ እስኪወጣ ማጠጣት፣ በሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ግን መድፋት ይገባል። ማዳበሪያ በእድገት ወራት በጣም ቀጥኖ ቢሰጥ በቂ ነው።

ሽሉምበርጌራ አበባ የሚቋጥረው ሌሊቱ ረጅምና ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። በአዲስ አበባና በመሰል ደጋዎች የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ይረዳዋል፤ እንቅፋቱ የቤት መብራት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት አምፖል በሚበራበት ሳሎን የተቀመጠ ተክል ለምልሞ አበባ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ለስድስት ሳምንት ያህል ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በካርቶን መሸፈን ወይም መብራት ወደማይበራበት ክፍል ማዛወር ነው። እምቡጥ ከታየ በኋላ ቦታውን መለዋወጥ እምቡጡን ያረግፋል።

የተጨማደደና የለሰለሰ ግንድ ሁልጊዜ የውሃ ጥም ምልክት አይደለም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ግንዱ ከተጨማደደ ሥሩ በስብሷል ማለት ነውና ውሃ መጨመር ይገድለዋል። ተክሉን ከማሰሮው አውጥቶ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል። ሥሩ ጠቁሮና ለስልሶ ከተገኘ፣ ጤነኛውን የላይኛውን ክፍል ቆርጦ በአዲስ አፈር እንደገና መትከል ብቻ ነው የሚያድነው።