የማሳው ድንጋይ፣ የደኑ ቅጥር

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ የጉናን ተራራ በጀርባው አድርጎ ቁልቁል የሚመለከት መንገደኛ፣ ገብስና ድንች እየተፈራረቁበት ለዘመናት በታረሰው ገላጣ አገር መካከል፣ እዚህም እዚያም እንደ ደሴት ተነጥሎ የቆመ ጥቁር አረንጓዴ ደን ባየ ጊዜ፣ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሌላው ደን በማረሻና በምሳር ሲያልቅ ይህ የተረፈው፣ አበው ዐጸዱን ከመቅደሱ ለይተው ስላላዩት ነው፤ ከጥዱና ከወይራው ሥር የሙታን ዐፅም ያርፋል፣ በዝግባው ጥላ የአብነት ተማሪው ድጓውን ያጠናል፣ ሱባዔ የገባውም መናኝ ከዓለም ይሰወርበታል።

በእመጓ መጽሐፋቸው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የምርምር ሥራ፣ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረው፣ ስፋታቸው ከ1.6 እስከ 100 ሄክታር በሆነው በእነዚህ ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግበዋል። ነገር ግን የአብዛኛው ዛፍ ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ዘመን የሚጠብቅ ስላልሆነ፣ የበቀለውንም ችግኝ ከብት ስለሚግጠውና ስለሚረግጠው፣ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ ልጅ የማያገኝበት ጊዜ እንደሚመጣ ተገነዘቡ።

መድኃኒቱም ሩቅ አልነበረም። አሜሪካዊቱ የደን ሊቅ ማርጋሬት ሎማን ባስተባበሩት ርዳታ፣ ካህናቱና ምእመናኑ እንደ ዝሃራና ደብረ ሰና ባሉት አጥቢያዎች ደኑን በድንጋይ ካብ አጠሩት፤ ድንጋዩንም የሰጠው እርሻው ራሱ ነበር። በሬውን ሲያደናቅፍና ማረሻውን ሲያዶለዱም የኖረው ድንጋይ ከማሳ ተለቅሞ የደን ቅጥር ሲሆን፣ ገበሬው የሚዘራበት አፈር ሰፋለት፣ ችግኙም ከከብት ጥርስ ዳነ።

እንግዲህ ጫካ መንጥሮ ለችግረኛ የሚሆን ትንሽ እርሻ ማቅናት ትሩፋት ነው ብሎ የሚነሣ ማኅበር ቢኖር፣ ምሳሩን ማንሣት የሚገባው በጥዱና በኮሶው ላይ ሳይሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ዛሬ የማሳውን ዳርቻ ሁሉ በወረሰው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። ይህ ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ባለውለታችን ቢሆንም፣ በአጠገቡ የተዘራውን እህል ውኃና ብርሃን ይሻማዋል፤ ጉቶውም ከነሥሩ ካልተነቀለ በቀር መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በደቦ ተነቅሎ፣ ፍግና ቅጠላ ቅጠል በጉድጓድ ተብላልቶ ለተራበው አፈር ሲመለስለት፣ የምድጃው አመድ አሲዳማነቱን ሲያበርድለት፣ በመጀመሪያ ባቄላ ተዘርቶ መሬቱን ሲያለማው፣ ከዚያም ድንቹና ገብሱ ሲከተል፣ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ሳይገዛ ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የቆሎ ተማሪዎችን የሚመግብ የአትክልት ቦታ ይሆናል።

የተቆረጠውም ባሕር ዛፍ ከንቱ አይቀርም፤ ቀጥ ያለው ግንድ ጣራዋ ለሚያፈስባት ባልቴት ጎጆ ክረምት ሳይገባ ወራጅና ማገር ይሆናል፣ ከጉቶው ሥር የወጣውም ድንጋይ በደኑ ካብ ላይ የጎደለውን ይሞላል።