የጀማሪው ወንበር

(ድምፅ፦ የጥምቀት ዝማሬ፣ ከበሮና ጽናጽል። ቀስ በቀስ ይርቃል።)

ተራኪ፦
ጃንዋሪ 20 ቀን 2023 ዓርብ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ። የሚካኤል ታቦት በእልልታ ወደ መንበሩ በሚመለስበት በዚያ ዕለት፣ አሜሪካ ውስጥ የጉግል ሠራተኞች ማለዳ ስልካቸውን ሲያነሱ ኢሜይል ጠበቃቸው። ኩባንያው 12 ሺህ ሰው ሊቀንስ ነው። አንዳንዶቹ መልእክቱን እንኳ ሳያነቡ፣ የሥራ ኮምፒውተራቸው አላስገባ ሲላቸው ነገሩ ገባቸው።

ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ ሠራተኛ እንደሚቀንስ ተናግሮ ነበር። አማዞን በወሩ መጀመሪያ ከ18 ሺህ በላይ ብሏል። ሜታ ደግሞ በኖቬምበር 11 ሺህ ሰው አሰናብቶ፣ በማርች 10 ሺህ ጨመረበት።

ስለ ተሰናባቾቹ ብዙ ተወርቷል። የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ለመባረር እንኳ ስላልታደለው፣ ገና ስላልተቀጠረው።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

ተራኪ፦
ነገሩ የጀመረው በኮቪድ ነው። ዓለም ቤቱ ተቀምጦ በስክሪን መገበያየትና መማር ሲጀምር፣ ኩባንያዎቹ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነባቸው። በ2019 መጨረሻ 45 ሺህ ገደማ ሠራተኛ የነበረው ሜታ፣ በሴፕቴምበር 2022 ከ87 ሺህ አልፎ ነበር። ገንዘቡም ርካሽ ነበር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ ምጣኔ እስከ ማርች 2022 ዜሮ አጠገብ ተኝቶ ቆየ። በጁላይ 2023 ግን ከ5 በመቶ በላይ ደረሰ። ትርፍ ሳያሳይ በባለሀብት ገንዘብ ሲቀጥር የኖረ ድርጅት ሁሉ ደነገጠ።

ከወለዱ ያነሰ የተወራለት ሌላ ምክንያት አለ፤ ግብር። ቀደም ሲል አንድ ኩባንያ ለፕሮግራመር የከፈለውን ደመወዝ በዚያው ዓመት ከገቢው ላይ ቀንሶ ግብሩን ያሰላ ነበር። በ2017 የወጣው ሕግ፣ ከ2022 ጀምሮ ወጪው በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲቀነስ አዘዘ፤ ሥራው ውጭ አገር ከተሠራ ደግሞ በአሥራ አምስት ዓመት። እናም ከሳሪ የሆነ ትንሽ ድርጅት በወረቀት ላይ አትራፊ ሆኖ ግብር ተጠየቀ። አገር ውስጥ ለሚሠራው ሥራ ይህ የተነሳው በጁላይ 2025 ነው።

አርቲፊሻል ኢንተለጀንስስ? ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ነው። ያኔ ሜታ ያን 11 ሺህ ሰው ካሰናበተ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። የመጀመሪያውን ቅነሳ በእሱ ማሳበብ ቀኑ አይፈቅድም። ኋላ ግን ጀማሪው እጁን ያፍታታባቸው የነበሩትን ትንንሽ ሥራዎች፣ ቀላል ስህተት ማረም፣ መፈተሻ ኮድ መጻፍ፣ ገብቶባቸዋል።

(ድምፅ፦ የስልክ መልእክት)

ተራኪ፦
ጀማሪው ላይ ዱላው ያረፈው ድምፅ ሳያሰማ ነው። በጁን 2022 ኮይንቤዝ የተባለው የክሪፕቶ ገንዘብ ኩባንያ፣ ተቀጥራችኋል ብሎ ላስፈረማቸው ሰዎች ሐሳቤን ቀይሬያለሁ የሚል ኢሜይል ላከ። ሌላ ቦታ ያመለከቱትን ትተው የጠበቁ ነበሩባቸው። በተማሪ ቪዛ ላለ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የደመወዝ ብቻ አይደለም። ከተመረቀ በኋላ በሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ላይ ሳለ፣ ያለ ሥራ የሚቆይባቸው ቀናት በድምሩ ከ90 መብለጥ የለባቸውም። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ያለች የእኛ ልጅ፣ አሥር ዓመት ልምድ ካለው ተሰናባች ጋር ለአንድ ወንበር ስትሻማ ቀን እየቆጠረችም ነው።

ተመራቂውም በዝቷል። በ2020ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ኮሌጆች በኮምፒውተር ዘርፍ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጡ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የ2023ን መረጃ ሲያሰላ፣ ከአዲስ ተመራቂዎች መካከል ኮምፒውተር ሳይንስ ካጠኑት 6.1 በመቶው፣ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ካጠኑት 7.5 በመቶው ሥራ አጥ ነበሩ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ያጠኑት 3 በመቶ ብቻ። ልጄ አርት ሂስትሪ አጠናብኝ ብሎ ያዘነ ወላጅ ካለ ይጽናና። ብዙም አይኩራራ እንጂ፤ ሥራ ካገኙት መካከል ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ላይ የወደቁት በኮምፒውተር ሳይንስ በኩል በጣም ያነሱ ናቸው።

(ድምፅ፦ የመኪና ማቆሚያ፣ በር ሲዘጋ)

ተራኪ፦
ዋሽንግተንና አካባቢው ላይ፣ ቀን ፓርኪንግ ሠርቶ ወይም ታክሲ ነድቶ ማታ በአማርኛ የሚሰጥ የኪውኤ፣ ማለትም የሶፍትዌር ፍተሻ፣ ሥልጠና የተከታተለ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው። በዚያ መንገድ ቤት የገዙ፣ ልጅ ያስተማሩ አሉ። መንገዱ ግን የቆመው በገበያው ረሃብ ላይ ነበር። ቀጣሪው ሲጠግብ ሰርተፍኬት ብቻውን ሳሳ። ይህን ሳይነግሩ ዛሬም በድሮው ተስፋ ክፍያ የሚቀበሉ አሠልጣኞች ካሉ፣ ተማሪው ቅርብ ጊዜ የተቀጠሩት ስንት ናቸው ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

የኮምፒውተር ሥራ ያለው ስማቸው በዜና በሚጠራ ኩባንያዎች ቤት ብቻ አይደለም። ሆስፒታል፣ ባንክ፣ ካውንቲ፣ ትምህርት ቤት ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ የሚጠራው ሰው ይፈልጋል። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሽበርን አካባቢ፣ ከዓለም እጅግ ብዙ ዳታ ሴንተር የተከማቸበት ነው። እዚያ ገመድ የሚዘረጋ፣ ሰርቨር የሚቀይር፣ ሌሊት ተራ የሚገባ ቴክኒሻን ያስፈልጋል። የመከላከያ መሥሪያ ቤት ኮንትራትም ሴኪዩሪቲ ፕላስ የተባለውን ፈተና ላለፈ በር ይከፍት ነበር፤ ምስጢራዊ ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ፈቃድ የአሜሪካ ዜግነት ቢጠይቅም። በ2025 የፌዴራል መንግሥቱ ኮንትራትና ሠራተኛ ሲቀንስ ግን ያም በር ጠበበ።

(ሙዚቃ፣ ከሥር)

ተራኪ፦
በክፉ ዓመት መመረቅ ምን ያስከትላል? በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የካናዳ ኮሌጅ ተመራቂዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ኢኮኖሚው በተቀዛቀዘበት ጊዜ የወጡት፣ መጀመሪያ ላይ ገቢያቸው 9 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ነበር። ጉድለቱ በአምስት ዓመት በግማሽ ቀነሰ፤ ለመዝጋት ግን በአማካይ አሥር ዓመት ግድም ፈጀ። ያገገሙት አነስ ባለ ቀጣሪ ቤት ጀምረው፣ ገበያው ሲያገግም ወደሚሻል ቀጣሪ የተሸጋገሩት ናቸው። ሄልፕ ዴስክ፣ ማለትም የኮምፒውተር እርዳታ ክፍል፣ ወይም ዳታ ሴንተር የገባ ሰውም፣ ሁለተኛውን ቀጣሪ መፈለግ ያለበት የመጀመሪያው ደመወዝ ደርሶት ቤት ኪራዩን እንደከፈለ ነው። ሁሉም ግን አላገገሙም፤ በጥናቱ ውስጥ ከመነሻው ገቢያቸው አነስተኛ እንደሚሆን የተገመተባቸው ተመራቂዎች፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ጉድለቱን አልሞሉትም።