የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር፦ ነባሩ አጻጻፍና ዩኒኮድ በማስተማሪያ ጽሑፎች ዝግጅት

በአሶሳም ሆነ በመተከል የሚያስተምር መምህር ከዓመታት በፊት የተተየበ ሞጁል በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፍት፣ በአማርኛው ፈንታ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ቢያይ ሊደነቅ አይገባውም። ቀደምቶቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዝን ፊደል ያኖሩት 256 ቦታ ብቻ ባለው፣ ከዚያም ከፊሉ ለሌላ ተግባር በተያዘው የላቲን ሠንጠረዥ ውስጥ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሆሄ ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ሆሄውን ከቁርጥራጭ መቀጠል ወይም ፊደሉን በበርካታ ፎንቶች ማከፋፈል ግድ ሆነ። ጽሑፉ በወረቀት ሲታተም ቢያምርም፣ ቃል መፈለግም ሆነ የተማሪዎችን ስም በሀ ሁ ተራ መደርደር አስቸጋሪ ነው።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ። ለክልሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የ2010ሩ 6.0 እትም ነው፤ ጉሙዝኛ በፊደል ሲጻፍ የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ሆሄያት የገቡት ያን ጊዜ ነውና። ይሁን እንጂ ፎንቱ ሆሄውን ካልያዘ በገጹ ላይ የሚታየው ባዶ ሣጥን ነው።

የቆየውን ሁሉ እንደገና መተየብ ጉልበት ማባከን ነው። ቀያሪ ፕሮግራም ሥራውን ያቃልላል፤ ሆኖም እንግሊዝኛና አማርኛ በተቀላቀሉበት ገጽ ሊሳሳት ስለሚችል፣ ትምህርቱን የሚያስተምረው መምህር ራሱ ቃል በቃል ሊያርመው ይገባል። በየዓመቱ የሚሻሻሉት ሞጁሎች ይቅደሙ፤ ጊዜ ያለፈባቸው የፈተና ወረቀቶች በፒዲኤፍ ቢቀመጡ ይበቃል። አዲስ ጽሑፍ ግን፣ የጸሐፊው ጣት ነባሩን ቢለምድም፣ በዩኒኮድ ብቻ መተየብ አለበት።